እንባ ጠባቂዋ እናታችንና የወንድማቸው አሳንሰር

ወዳጆቻችን፣ ጎረቤቶቻችን፣ በሥራም በኑሮም አብራችኋቸው የቆያችሁ ሁሉ፣ እናታችንን ለመሸኘት ስለ መጣችሁ እያመሰገንን የኖሩትን ኑሮ ባጭሩ እናነብላችኋለን፤ ባጭሩ ማለታችን እሳቸው ንግግር ሲረዝም እግራቸውን ማወዛወዝ ይጀምሩ ስለ ነበር ነው።

እናታችን ከአውቶቡስ ሹፌር አባታቸውና በሆስፒታል የልብስ እጥበት ክፍል ይሠሩ ከነበሩት እናታቸው ለቤቱ ሁለተኛና የመጨረሻ ልጅ ሆነው ተወለዱ። ገና ዳዴ ሲሉ ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማይሆንላቸው እናታቸው “ነፋሷ” የሚል ቅጽል ስም አወጡላቸው። ወላጆቻቸው ከሥራ እስኪመለሱ ድረስ ይህችን ነፋስ የመያዝ ሥራ የወደቀው በታላቅ ወንድማቸው፣ ዛሬ እዚህ ከፊታችን በተቀመጡት አጎታችን ላይ ነበር። እጃቸውን ይዘው ትምህርት ቤት ያደረሷቸው፣ ማባዛት ያስጠኗቸው፣ ከግንብ ላይ ወድቀው ክንዳቸው ሲሰበርም አዝለዋቸው ሐኪም ቤት የሮጡት እሳቸው ናቸው።

ሁለተኛ ደረጃን እንደ ጨረሱ እናታችን በከተማው ምክር ቤት የመረጃ መስኮት ተቀጠሩ። ሥራቸው ከመስታወቱ ጀርባ ተቀምጠው ውሃ የተቋረጠበትን ወደ ላይኛው ፎቅ፣ ከላይ የተመለሰውን ደግሞ ወደ ምድር ቤት መምራት ነበር፤ ሰዉ ዞሮ ዞሮ እዚያው መስኮት ሲመለስ ግን አላስችላቸው እያለ፣ ባለጉዳዩን ራሳቸው አስከትለው ቢሮ ለቢሮ ይዞሩ ስለ ነበር፣ አለቃቸው መስኮቱን ባዶ ባገኙት ቁጥር ይቆጧቸው ነበር። በማታው ክፍለ ጊዜ ሕግ ተምረው የተመረቁትም በዚህ መሐል ነው።

በዚሁ ዘመን መነጽር ሠሪውን አባታችንን አገቡ። አባታችን በአንዲት ብሎን ላይ አጎንብሰው ግማሽ ቀን የሚውሉ ሰው ስለ ሆኑ፣ “እናንተ ደግሞ እንዴት ተስማማችሁ?” ሲባሉ፣ “እሷ ትሄዳለች፣ እኔ የምትመለስበትን ቤት እጠብቃለሁ” ይሉ ነበር። እኛን ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጆቻቸውንም ወልደው አሳደጉ።

ከብዙ ዓመት በኋላ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ሆነው ተሾሙ። ሥራው በምክር ቤቱ አገልግሎት ተበደልኩ የሚል ሰው መጀመሪያ ለራሱ ለምክር ቤቱ አመልክቶ መልስ ሲያጣ የሚያቀርበውን አቤቱታ መርምሮ፣ ጥፋት ከተገኘ ይቅርታ እንዲጠየቅና የተበላሸው እንዲታረም ሐሳብ ማቅረብ ነው፤ ማዘዝ ግን አይቻልም። ይህ “አይቻልም” ጫማ ውስጥ እንደ ገባ ጠጠር ሲቆረቁራቸው ኖረ። ቆሻሻ አልተነሣልንም ያለ ካለ መንደሩ ድረስ ሄደው አሽትተው ይመለሳሉ። ምክር ቤቱ ባላጠፋበትም “አላጠፋም” ብለው ለባለጉዳዩ ፊት ለፊት ስለሚናገሩ፣ የተቀየሟቸውም አልታጡም።

አንድ ቀን ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ያቀረቡት አቤቱታ ጠረጴዛቸው ላይ ደረሰ። ሴትየዋ በምክር ቤቱ የኪራይ ሕንፃ የመጨረሻው ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ ጉልበታቸው የከዳቸው፣ አሳንሰሩ ከተበላሸ ጀምሮ ደጅ ወጥተው የማያውቁ ናቸው። ባመለከቱ ቁጥር “ባለሙያ ተልኳል፣ ጉዳዩ ተዘግቷል” ይባላሉ። ይህን መልስ የሚሰጠው የቤቶች አስተዳደር ክፍል ሲሆን፣ የክፍሉ ኃላፊ ደግሞ አጎታችን ነበሩ።

እናታችን አንብበው ተነሡ፣ ተቀመጡ፣ እንደገና ተነሡ። ከዚያ ዝምድናቸውን አስታውቀው ጉዳዩን ለምክትላቸው አስረከቡና፣ “ከእንግዲህ ስለዚህ ጉዳይ አንድ ቃል እንዳትነግረኝ” አሉት። ሁሉን በዓይናቸው ካላዩ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሴት ይህን አንዱን እንዳያዩ ራሳቸውን ከለከሉ። ከሥራ ሲመለሱ መንገዳቸውን ለውጠው በሕንፃው በኩል ይመጡና፣ ከማዶ ቆመው ወደ ላይኛው መስኮት አንጋጠው ይሄዱ ነበር። አባታችን “ወይ ግቢ ወይ ተይው” ሲሏቸው፣ “መግባት አልችልም፣ መተውም አቃተኝ” አሉ።

ምርመራው እየገፋ ሲሄድ አጎታችን ቤታችን መጥተው፣ ተቀመጡ ቢባሉም እንደ ቆሙ፣ “ጡረታ ልወጣ ስል ስሜን በሪፖርት ልታወጪ ነው?” አሉ።

“ጋሼ፣ ጉዳዩ በእኔ እጅ የለም።”

“ምክትልሽ አይደለም ወይ? ትንሽ አቆየው በይው። ሌላ ምን ጠየቅኩሽ?”

“አልለውም።”

“አዝዬሽ የሮጥኩት ለዚህ ነው?”

አጎታችን ከወጡ በኋላ እናታችን ወጥ ቤት ገብተው፣ የታጠበውን ሳህን ደጋግመው ሲያጥቡ አየናቸው።

ምክትላቸው የደረሰበት ይህ ነበር፤ ክፍሉ አቤቱታን እንደ ተመለሰ የሚቆጥረው አሳንሰሩ ሲሠራ ሳይሆን ባለሙያ ሲላክ ነው፤ ባለሙያው ደግሞ በሄደ ቁጥር መለዋወጫ አጥቶ ይመለሳል። ስለዚህ ሴትየዋ በኃላፊው ይቅርታ እንዲጠየቁ፣ አሳንሰሩ እስኪጠገን ምድር ቤት እንዲሰጣቸው፣ ከዚያ ወዲያም ባለጉዳዩ ሳይጠየቅ ማንኛውም አቤቱታ እንዳይዘጋ ሐሳብ አቀረበ። ምክር ቤቱ ለረጅም ጊዜ እምቢ ቢልም፣ ሪፖርቱ በሕዝብ ስብሰባ ላይ ከተነበበ በኋላ እሺ አለ። አጎታችን ይቅርታውን ሊጠይቁ ሄደው የሕንፃውን ደረጃ ወጥተው ሊጨርሱ ሲሉ ትንፋሽ አጥሯቸው ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ልብስ ሰፊዋ ለቅሶ ሊደርሱን ሲመጡ እንደ ነገሩን፣ ሲያለከልኩ ሰምተው በር ከፍተው፣ “ወንበር ላምጣልዎት? እኔም እዚህ ጋ ነበር የማርፈው” አሏቸው።

ይቅርታው ተጠየቀ፣ አሳንሰሩም ተሠራ፤ የእህትና የወንድም ነገር ግን አልተሠራም። አጎታችን ቤታችንን ለዓመታት አልረገጡም። በታላቋ እህታችን ሠርግ እንኳ አልተገኙም፤ እናታችን ያን ቀን እንግዳ ሲቀበሉ ዓይናቸው ከበሩ ሳይነቀል ዋለ።

እናታችን ልባቸው ደክሞ ሆስፒታል በገቡ ጊዜ፣ ማንም ሳይጠራቸው አጎታችን በከዘራ እየተደገፉ መጡ። ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ፣ “አሁንም አልለውም ነው የምትይው?” አሉ።

“አልለውም።”

“ግትር!”

“ማን አሳደገኝ?”

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ እየመጡ ይከራከሩ ነበር፤ ነርሷ ሁለቱንም ተቆጥታ ተስፋ ቆረጠች። ካረፈዱ እናታችን “ዛሬ ቀረ እንዴ?” እያሉ አንገታቸውን ያሰግጋሉ። ያረፉትም እንዲሁ ሲጨቃጨቁ በዋሉበት ቀን ነው፤ አጎታችን ውሃ ሊያመጡላቸው ወጥተው ሲመለሱ ትንፋሻቸው ቆሞ አገኟቸው።

ይህ ታሪክ እዚህ ይነበብ ወይስ ይቅር ብለን ትናንት ስንመካከር፣ አጎታችን፣ “ይነበብ፤ እሱን ካወጣችሁት ምኗን ልታነቡ ነው? እኔ ተከፋሁ አልኩ እንጂ ልክ ነበርኩ ብዬ አላውቅም” አሉን።

እናታችን ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ አንድ ወንድማቸውንና የሥራ ባልደረቦቻቸውን ትተው በሰባ አንድ ዓመታቸው ተለይተውናል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበልልን፤ ለአባታችን ብርታቱን፣ ለአጎታችንም መጽናናቱን ይስጥልን።