የሰላዩ ልብስ ሰፊ ልክ

«እርስዎ እኮ ነዎት አሳልፈው የሰጡኝ፣ ጋሼ።»

«ስምህን የት አውቄ። ወታደሮቹ ‹የሸማቂዎቹን ደብዳቤ የሚያመላልሰውን ጠቁም› ብለው ሲያስጨንቁኝ፣ ከደብተሬ የወገብህን ልክ ሰጠኋቸው።»

ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሽማግሌ ልብስ ሰፊና ወጣቱ የሚከራከሩት፣ ሁለቱም በስደት ሳሉ በለመዱት አማርኛ ነበር።

«ለካ ኬላው ላይ በሜትር የለኩን ለዚህ ነው።»

«ታዲያ እንዴት ተረፍክ?»

«አራት ሳንቲ ሜትር ጎደልኩባቸው። ‹እሱ አይደለም› ብለው ለቀቁኝ።»

ልብስ ሰፊው በጣቶቹ አራት ቆጠረ።

«ለስፌት የሚተወውን ጨምሬ ጽፌው ነበር ማለት ነው። ስለላ አልችልበትም፣ ልጄ። ይቅር በለኝ።»

«አልሐምዱሊላህ፣ እንኳን አልቻሉበት። ከዚያ ወዲህ አግብቼ ወንድ ልጅ ወልጃለሁ። ነገ ይዤው እመጣለሁ፤ የመጀመሪያ ሱሪውን እርስዎ ይለኩለታል።»

ወጣቱ 26 ጁን የሚባለው ሰፈር ላይ ወርዶ በሩን ሲዘጋው፣ ከሰላዩ አጠገብ ለመነሳት ያነሳሁትን ቦርሳ መልሼ እግሬ ሥር አስቀመጥኩ።