መምህር አረጋ ሙሉሃብትና ከደጃፍ ያልተነሣው ድንጋይ

የተከበራችሁ ካህናት አባቶቻችን፣ ከኮንና ከኩልመስክ ድረስ ዳገት ቁልቁለቱን አቋርጣችሁ የመጣችሁ መምህራን፣ ወዳጅ ዘመድ ሁሉ፤ አፈሩ ከመመለሱ በፊት ለጥቂት ቃል ጆሯችሁን ስጡን።

መምህር አረጋ ሙሉሃብት ከአባታቸው ከአቶ ሙሉሃብት ተክለ ሚካኤልና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሺሃረግ በ1920 ዓ.ም. ከላሊበላ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት በቤተ ክህነት ሲሆን፣ ከዳዊቱ ይልቅ ልባቸውን የወሰደው ባሕረ ሐሳብ ነበር፤ የዓቢይ ጾም መግቢያ መቼ እንደሚውል ከመምህራቸው ቀድመው አስልተው ሲናገሩ አባታቸው ቄስ ሊሆንልኝ ነው ብለው ደስ ቢላቸውም፣ እሳቸው ግን ቁጥሩን ተከትለው ወልድያና ደሴ ድረስ ዘለቁ፤ በኋላም በመምህርነት ሠልጥነው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ በዚህ ከተማ ጋሼ አረጋ ሒሳብ ያላስተማሩት ቤት ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ከወይዘሮ ወለላ ጋሻዬ ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ተጋብተው ሸጌንና ውዱን ወልደው አሳድገዋል። ከሬሳ ፊት አይዋሽምና፣ ጠባያቸው ኮስታራ ነበር፤ የተሳሳተ ስሌት ሲያዩ እንደ ጥርስ ሕመም ያንገበግባቸዋል። ገበያ መሐል እንኳ ነጋዴ ሲሳሳት ከሰሙ ቆመው ሳያርሙ አያልፉም፤ "ጋሼ አረጋ ካሉበት ሚዛን አይዋሽም" ይባልላቸው ነበር።

በ1972 ዓ.ም. በየገጠሩ ትምህርት ቤት ሲከፈትና አሥራ ሁለተኛን የጨረሱ ልጆች ጥቂት ሳምንት ሠልጥነው ጠመኔ ሲይዙ፣ የአውራጃው ትምህርት ቢሮ መምህር አረጋን ከክፍላቸው አውጥቶ እየዞሩ ወጣት መምህራንን እንዲደግፉ መደባቸው። ክፍላቸውን ሲለቁ አለቀሱ፤ ቢሆንም በበቅሎ እየሄዱ፣ ከተማሪ ጋር ከኋላ ወንበር እየተቀመጡ፣ ብዙዎችን ለወግ አበቁ።

በ1976 ዓ.ም. ከኩልመስክ ወዲያ ባለች አንዲት ትምህርት ቤት ወጣቱ መምህር ደርበው ግማሽን ለሩብ አካፍሎ "አንድ ስምንተኛ" ብሎ ሰሌዳ ላይ ጻፈ። መምህር አረጋ አላስቻላቸውም፤ ተነሥተው ጠመኔውን ከእጁ ወስደው "ልጆች፣ ግማሽ ቁና ገብስ በሩብ ቁና ሲሰፈር ስንት ጊዜ ነው?" ሲሉ ክፍሉ "ሁለት!" ብሎ በሳቅ ፈረሰ። በማግስቱ ደርበው በበሩ ብቅ ሲል "አንድ ስምንተኛ መጣ!" የሚል ጩኸት ተቀበለው፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማው ተማሪ አልነበረም። ሳምንት ሳይሞላ ለመምህር አረጋ "ጋሼ፣ ጠመኔውን ወስደዋል፤ ክፍሉንም ይውሰዱት" የሚል መልእክት ልኮላቸው ሥራውን ትቶ እናቱ ቤት ገባ፤ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ጊዜም አልፈጀ፣ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ወደ ሰሜን ሄደ። ወሬው ከዚያ ወዲህ ጠፋ።

በአገራችን ወግ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቀርባል፤ ይቅር ያለው ወገን ድንጋዩን አንሥቶ ይጥልለታል። መምህር አረጋም በዚያ ዕድሜያቸው፣ ያስተማሯቸው ሰዎች እያዩ፣ ድንጋይ በጫንቃቸው ይዘው ከካህናት ጋር ከደርበው እናት ከወይዘሮ ይማርሽ ደጅ ቆሙ። ወይዘሮ ይማርሽም "ያውርዱት ጋሼ፣ ሽማግሌ አጎንብሶ አይቆምም። ግን የበደሉት እኔን አይደለም። ልጄ ሲመጣ እሱ አንሥቶ ይጥልልዎ፤ እስከዚያ ከደጄ ይቀመጥ" አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መምህር አረጋ በሰው ክፍል ጠመኔ አልነኩም። ከኋላ ሲቀመጡ እጃቸውን ከጋቢያቸው ሥር ይቀብሩታል፤ መምህሩ ሲሳሳትም እስኪጨርስ ይጠብቁና፣ ከክፍል በኋላ መንገድ ለመንገድ እየሄዱ "እስቲ ለእኔ ለደደቡ አስረዳኝ" እያሉ ስሕተቱን ራሱ እስኪያገኘው ይጠይቁታል፤ በማግስቱ መምህሩ ራሱ በተማሪዎቹ ፊት ያርማል። ዛሬ እዚህ ቆማችሁ የምታለቅሱ መምህራን የዚያ መንገድ ልጆች ናችሁ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ ስም ሲጠራ አቤት የሚል ልጅ በጠፋበት ጊዜ እንኳ፣ ከመምህራኑ ጎን ባዶ ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል። በየመንገዱም ወደ ወይዘሮ ይማርሽ ቤት ጎራ ብለው "ወሬ አለ?" ሳይሉ አያልፉም ነበር፤ ወሬ ግን አልነበረም።

ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ደሴ ድረስ ሄደው ቢታከሙም ሊሻላቸው ስላልቻለ፣ ትናንት ኅዳር 9 ቀን 1980 ዓ.ም. በስድሳ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ወይዘሮ ይማርሽ ሞቱን ሰምተው መጥተው አልቅሰዋል፤ አሁንም ከመካከላችን አሉ። ድንጋዩ ግን ከደጃፋቸው አልተነሣም። "አሁንስ ያንሡላቸው፣ ሟች በበደል አይቀበር" ያሉ ነበሩ፤ የከለከሉት የሟች ባለቤት ወይዘሮ ወለላ ናቸው፦ "ተዉዋቸው። ለእናት ድንጋዩን ማንሣት እኮ ልጄ አይመጣም እንደ ማለት ነው። አረጋም ይህን አይወድም።"

መምህር አረጋ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ወለላን፣ ልጆቻቸውን ሸጌንና ውዱን፣ የልጅ ልጆችን፣ በየገጠሩ ያሉ መምህራንን፣ በሕይወት ካለም ደርበውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ጥላ ያሳርፍልን፤ ለእኛም ጽናቱን ይስጠን፤ ያንንም ልጅ ለእናቱ ደጃፍ ያብቃው፤ መጥቶ ድንጋዩን በእጁ ያንሣላቸው። አሜን።