የመምህርት ሰንበቴ ሦስት እጥፍ ወረቀት

መምህርት ሰንበቴ ኤጀታን ለመሸኘት ሥራችሁንና ቤታችሁን ትታችሁ የመጣችሁ ሁሉ፣ አሁን የሚነበብላችሁ ከባለቤታቸው፣ ከልጆቻቸውና ከቀድሞ ተማሪዎቻቸው ተጠይቆ የተጻፈ የሕይወታቸው ታሪክ ነው።

መምህርት ሰንበቴ ከአባታቸው ከአቶ ኤጀታና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጠጂቱ በ1949 ዓ.ም. በወለጋ፣ በቤጊ አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው በርጩማ ጠራቢ ነበሩና፣ ለምን ሁልጊዜ ባለ ሦስት እግር ብቻ እንደሚሠሩ ልጃቸው ሲጠይቋቸው፣ ባለ አራቱ ወጣ ገባ መሬት ላይ ሲንገዳገድ ባለ ሦስቱ ግን ባገኘው ቦታ ችሎ እንደሚቆም እየጠረቡ ያስረዷቸው ነበር። በኋላ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሰው ሥጋ፣ ነፍስና መንፈስ መሆኑን ሲማሩ፣ ትንሿ ሰንበቴ እጃቸውን አውጥተው «እንደ አባዬ በርጩማ ማለት ነው?» ብለው ክፍሉን ሁሉ ማሳቃቸውን እስከ መጨረሻው ሲያጫውቱን ኖረዋል።

የመምህርነት ሥልጠናቸውን በ1969 ዓ.ም. አጠናቀው መንጌ ተመደቡ። ድርሰት ሲያስተምሩ ተማሪው ወረቀቱን ሦስት ቦታ እንዲያጥፍና በመጀመሪያው የሆነውን፣ በሁለተኛው የተሰማውን፣ በሦስተኛው የሚያደርገውን እንዲጽፍ ያዝዙ ነበር። በዚያው ሰሞን ብኸይታ የምትባል እናት፣ ልጇ ወርቅ ሲያወጣ ጉድጓድ ተደርምሶበት ሞተና አፏ ተዘጋ፤ ከሰው ጋር መነጋገር ተወች። መምህርት ሰንበቴ ሄደው፣ ፊደል ስለማታውቅ በወረቀቱ ፈንታ ሦስት ጠጠር አስጨበጧትና አጠገቧ ዝም ብለው ተቀመጡ። ቀኑ ሳይመሽ ሁለቱን ጠጠር እየተናገረች አስቀመጠች፤ ሦስተኛውን በልብሷ ጫፍ ቋጥራ «አስተማሪ፣ ይሄ አሁን አይችልም፣ እኔ ጋር ይቆይ» አለቻቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጠጠሩን ይዛ መጥታ ጠረጴዛቸው ላይ አኖረችና መሠረተ ትምህርት ተመዘገበች።

ከዚያ ወዲህ የተጣላም ያዘነም ወደ እርሳቸው ይመጣ ጀመር። በ1971 ዓ.ም. ከወሎ ተመድበው ከመጡት የግብርና ባለሙያ ከአቶ ደባልቄ ጋር ጋብቻ መሥርተው ጋዲሴንና ገመቺስን ወለዱ። አቶ ደባልቄም ማዕድ በቀረበ ቁጥር «እንግዲህ ሰንበቴ፣ እንጀራውንም ሦስት አጥፈን ነው የምንበላው?» እያሉ ያስቋቸው ነበር።

ክልሉ አዲስ ሲቋቋም ወደ አሶሳ ተዛውረው የሴቶች የጎልማሶች ትምህርት እንዲያደራጁ ተደረገ። ያኔ ክፍሉ ማንጎ ሥር፣ ወንበሩ የቀርከሃ አግዳሚ፣ ሰሌዳው ጥቁር የተቀባ ጣውላ ነበር፤ ማንጎው ሲበስል ደብተር ላይ ዱብ ይላል፣ ሕፃናት ከእናቶቻቸው ጀርባ ወርደው ይሻሙበታል፣ በርታውም ኦሮሞውም አማራውም በየአማርኛው ይሳሳቃል። ዛሬ የግንብ ክፍል ቢሠራም ያን ጊዜ ያየ ሰው ሁሉ ማንጎዋን ይናፍቃል።

መምህርት ሰንበቴ ግን ይህንኑ ልማዳቸውን የማይሆን ቦታ ያዋሉበት አንድ ቀን ነበር፤ ይህም እንዲነገር የፈቀዱት እርሳቸው ራሳቸው ናቸው። በ1989 ዓ.ም. ልጃቸው ጋዲሴ ከአሥረኛ ክፍል ትምህርቷን አቋርጣ፣ ማርገዟን ልትነግራቸው በራቸው ላይ እያለቀሰች ብትቆም፣ እናቷ ሳያቅፏት በፊት ወረቀት ሦስት አጥፈው ሰጧት። ጋዲሴ ወረቀቱን ምንም ሳትጽፍበት ጠረጴዛው ላይ ትታ፣ በጤና ረዳትነት ቡለን ወደ ተመደበው ወደ ፅንሱ አባት ወደ ቢሻው ሄደች። ልጅ ወለደች፤ ደብዳቤ ግን አልጻፈችም፣ ከአሶሳም አልመጣላትም።

አሶሳና ቡለን አንድ ክልል ይባሉ እንጂ፣ በዚያ ጊዜ ካንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ ከክልሉ መውጣት ግድ ነበር። በ1991 ዓ.ም. መምህርት ሰንበቴ የዓመት ፈቃዳቸውን ወስደው በነቀምት፣ ዐባይን ተሻግረው፣ በግልገል በለስ በኩል ከጭነት መኪና ወደ ጭነት መኪና እየተዘዋወሩ በአምስተኛው ቀን ቡለን ደረሱ። አቧራ ለብሰው በር ላይ ቆሙና ባዶ እጃቸውን እያሳዩ «ወረቀት አልያዝኩም፤ ከፈለግሽ ስደቢኝ» አሏት። ጋዲሴ ሕፃኗን ሐኒን አንሥታ ሰጠቻቸው። ያን ወር ሙሉ አያት የልጅ ልጃቸውን አዝለው ገበያ ሲወጡ ያየ የቡለን ሰው፣ ዛሬም እናትና ልጅ ያኔ እንዴት ይሳሳቁ እንደነበር ያስታውሳል።

በያዝነው በ1994 ዓ.ም. የጉበት ሕመም ጸንቶባቸው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ጋዲሴ እጃቸውን እንደያዘች፣ በተወለዱ በ45 ዓመታቸው ዐረፉ። ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ ያ ጋዲሴ ትታው የሄደችው ወረቀት ተገኘ። በመጀመሪያው እጥፍ በእጃቸው «ልጄ መጣች፤ በሩን ከፍቼ ወረቀት ሰጠኋት» ይላል። በሁለተኛው «ፈራሁ፤ አፈርኩም» ይላል። ሦስተኛው ባዶ ነው። ቤተሰቡም ገልብጦ ካየው በኋላ እንዲጻፍበት አልፈቀደም፤ እዚያ መጻፍ የነበረበትን ቡለን ድረስ ሄደው አድርገውታልና።

መምህርት ሰንበቴ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አማቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጅና ማንጎ ሥር ያስተማሯቸውን እናቶች ትተው ሄደዋል። ሥጋቸው በሚወዷት በአሶሳ አፈር ይረፍ፤ ነፍሳቸውን የፈጠራቸው አምላክ በሩን ከፍቶ፣ ምንም ሳይጠይቅ፣ አቅፎ ይቀበልልን። አሜን።