ከአማካሪነት ወደ አውቶብስ ስምሪት

በእኛ ከተማ ሁለት ሰው ሲተዋወቅ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠየቀው «የትኛው መሥሪያ ቤት ነህ?» ነው። ቢሮው ሁሉ በተመሳሳይ ሰዓት ተከፍቶ በተመሳሳይ ሰዓት ይዘጋል፤ ሕዝቡም ባንድ ጊዜ ፌርማታ ላይ ይፈሳል። ትናንት ከሰልፉ መሃል ቆሜ ሳጉረመርም፣ ጡረታ የወጡት ጎረቤቴ፣ የቀድሞው የመምሪያ ኃላፊ፣ ከእህታቸው ልጅ ጋር መጥተው ከኋላዬ ተሰለፉ። ልጅቷ ከአማካሪ ድርጅት ሥራዋን መልቀቋን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

«መምህር፣ እንኳን አገኘሁዎት፤ እስቲ ይፍረዱን» አሉኝ። «ምክትሌ የነበረው ልጅ ዛሬ ዳይሬክተር ነው። ቃል ሰጥቼው የሚያስቀና ወንበር አስይዤላታለሁ። እሷ ግን የአውቶብስ ድርጅት ስምሪት ክፍል ካልገባሁ ትላለች። ሰውየው መልስ እየጠበቀ ነው።»

«ጋሼ፣ ቃልዎን ላሳጥፍዎ ፈልጌ አይደለም» አለች። «መንግሥት መሥሪያ ቤት መግባትም ነውር የለውም። አብረውኝ ከለቀቁት አንዱ ገብቶ ደስ ብሎት ይሠራል፤ አንዷ ታስተምራለች፤ የራሱን ቢሮ የከፈተም አለ። እኔ የምፈልገው አማካሪ ሆኜ የጎደለብኝን ነው።»

«ምን ጎደለብሽ? ሚኒስትር ፊት ቁጭ ብለሽ ታስረጂ አልነበር? መካር የሌለው ንጉሥ ያላንድ ዓመት አይነግሥ ይባላል። አሁን ከሾፌር ጋር ስትነታረኪ ልትውዪ ነው?»

«ይሄን ሰልፍ እኮ አጥንቼዋለሁ፣ ጋሼ። ቀን ባዶውን የሚዞረው አውቶብስ አርፎ ቢሮ ሲከፈትና ሲዘጋ ይምጣ ብዬ ጻፍኩ፤ አጨበጨቡልኝ። ሳምንት ሳይሞላ ድርጅቴ የዓሣ እርባታ እንዳጠና ላከኝ። ሰልፉም ይኸው። ከሾፌር ጋር ብነታረክ ግን በማግስቱ አውቶብሱ መጣ ወይ ቀረ፣ ቆሜ አየዋለሁ። ካልሆነም አስተካክላለሁ።»

የዓሣው ነገር እኔን አሳቀኝ። ኃላፊው ግን አልሳቁም።

«ጡረታሽስ? ክብርሽስ?»

«ጡረታ እዚያም ይቆረጥልኛል። ክብሩን ግን… ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄን ሰልፍ መቼ አወቁት?»

ጥያቄው ድፍረት ነበረበት፤ ይሁን እንጂ በአክብሮት ነው የጠየቀችው። ሽማግሌው ከፊታችን የተኮለኮለውን ሰው አንድ በአንድ አዩ።

«ጡረታ ስወጣ» አሉ። «ሥራ ላይ ሳለሁማ የመሥሪያ ቤቱ መኪና ከደጄ ያነሳኝ ነበር። ጸሐፊዬ ባረፈደች ቁጥር ደሞዟን እቀጣት ነበር። ለካ ጠዋት እንዲህ ያለ ሰልፍ ላይ ቆማ ነው።»

አንጀቴን በሉት። እንዲህ ያለውን ነገር አፍ አውጥቶ የሚናገር ሹም ብዙ አላየሁም።

«ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ነው» አልኳቸው። «ያጠናችውን ትሥራው።»

ስልካቸውን አወጡ።

«ዳይሬክተር፣ ቃሌን አነሳሁ፤ ወንበሩን ለሚፈልገው ስጠው። አይ፣ አላኮረፈችም፤ አውቶብስ ድርጅት ልትገባ ነው። እሷ እዚያ ብትሆን ላንተም ይሻልሃል፤ ሠራተኞችህ ሳይደክሙ ይገባሉ፣ ማታም በጊዜ ልጆቻቸው ጋ ይደርሳሉ። እስከዚያው ግን አደራ፣ ያረፈደ ሰው ከመቅጣትህ በፊት በምን እንደመጣ ጠይቀው።»