ለፎርማቱ ብቻ

ይቅርታ አድርጊልኝ የእህቴ ልጅ፤ ሰው ባለበት ሰው ማንሣት ነውር መሆኑን አጥቼው አይደለም። የማነሣው ለትምህርት እንጂ ለሐሜት እንዳልሆነ ግን ከወዲሁ ይታወቅልኝ። ነይ እስቲ፣ ወንበሩን ሳቢ። አንድ እግሩ ይወላገዳል፣ ግድግዳውን አስደግፊው። ደረጃው አደከመሽ አይደል? ውኃው ከበሩ ጀርባ ነው፤ ቅጂና ጠጪ። ኧረ አትፈሪ! እዚህ ጸሐፊዎች በጋራ በተከራየነው ክፍል ውስጥ በመቅዳት ያፈረ ሰው የለም... ቀድቶ የተከበረ እንጂ።

እናትሽ ነግራኛለች። በግልሽ የጽሑፍ ሥራ ልትጀምሪ ነው፤ ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍ እንዳሳይሽ ፈለግሽ። አሥራ አራት ዓመት በየድርጅቱ ደጅ የጠናሁ ሰው ነኝ፤ ግን እኔ ምን አውቃለሁ? አዋቂ ሌላ አለ። ስም አልጠራም። ስም ምን ያደርጋል? እሷም ብትሆን በስም አትጨነቅም፤ ማን ጻፈው ማን አልጻፈው ጉዳይዋ አይደለም። እንዲህ ያለ ትሕትና ዛሬ የት ይገኛል?

አንዲት ሴት ናት እንበል። ጠረጴዛዋ መስኮቱ ጋ ነው እንበል... ምነው ትጠቅሺኛለሽ? ግድ የለም፣ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ሰክታለች፣ አትሰማም። ይኸው ስትተይብ አይታይሽም?

እና ይህች ሴት አንድ ቀን፣ «እትዬ፣ ማመልከቻዎን እስቲ ያሳዩኝ፤ ለፎርማቱ ብቻ» አለችኝ። አንድ ፍራሽ ፋብሪካ ማስታወቂያ የሚጽፍለት ሰው ሲፈልግ የጻፍኩት ነበር፤ ሦስት ቀን የፈጀብኝ። ሰጠኋት። ፎርማት ምን ይከለከላል? ኅዳግ ነው፣ ክፍት ቦታ ነው... እሷ ግን ሆደ ቡቡ ናት፤ ክፍት ቦታውን ብቻውን ይዛው ልትሄድ አንጀቷ አልቻለም። ቃሉንም አብራ ወሰደችለት። የሰው ወርቅ አያደምቅም የሚሉት ምቀኞች ናቸው፤ እሷ ላይ ሲያበራ ባዩት!

ከዚያ አንድ የሬሳ ሣጥን ሠሪ ማስታወቂያ ጸሐፊ ፈለገ። ለዓመት፣ የእህቴ ልጅ! በእኛ ሥራ ከሳምንት በላይ የሚፈልግሽ ሰው ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ ገና ታዪዋለሽ። አልደብቅሽም፣ እኔም አመለከትኩ። ስድስት ገጽ። አባቴ ሲሞት እንኳ እንዲያ አላዘንኩም። እሷም አመለከተች። እንዴት ያለች ቆጣቢ መሰለችሽ! «ፍራሽ» የሚለውን ቃል ሁሉ በአንድ ቁልፍ «ሣጥን» አደረገችውና ላከችው። ሌላ ፊደል አልነካችም። ለሰው ንብረት ያላት ክብር!

ሣጥን ሠሪው የእኔ እንዳልተመረጠ ሊነግረኝ ደውሎ የእሷን አነበበልኝ፤ «ሣጥናችሁን ቤተሰቤ በሙሉ ለዓመታት ተጠቅሞበታል፤ እስከ ዛሬ ቅሬታ ያሰማ የለም። አንዴ ከተጋደሙበት መነሣት አያሰኝም። ባለቤቴ ወገቡን ያመው ነበር፤ በሣጥናችሁ መተኛት ከጀመረ ወዲህ ግን አንድ ቀን እንኳ አሞኝ አላለም። የሁለት ሰው ካላችሁ ለልጄ ሠርግ ልገዛላት አስቤያለሁ።»

ባሌን እኮ ነው! ጠዋት ሸሚዝ የተኮስኩለትን ባሌን በቁሙ ሣጥን አስገባችው። እሷ ደግሞ ባል የላትም። የእኔን ነው የተዋሰችው... ለፎርማቱ ብቻ።

«ጌታዬ፣ ስሕተት ነው» ልል አፌን ስከፍት፣ ሰውዬው በሳቅ ትንፋሹ እየተቆረጠ፣ «ሠላሳ ዓመት ሣጥን ስሠራ ያሳቀኝ ሰው አልነበረም፤ ሥራው የእሷ ነው። እርስዎ ግን እትዬ፣ "ሞት ለማንም አይቀርም" ብለው ይጀምራሉ፤ እሱንማ ደንበኞቼም ደርሰውበታል» አለኝ። ያሳቀው ቃል የእኔ፣ ምስጋናው የእሷ። ደስ አይልም? ከአንጀት ከቀዱ እኮ ቀለም አይገድም!

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሰውዬው፣ «እንደ ማመልከቻሽ የሚያስቀኝ ጽሑፍ እስከ ቀትር ካልላክሽ ውሉን አልፈርምም» ብሏታል መሰለኝ። ወንበሯን እየጎተተች መጣች፤ «እትዬ፣ አዲስ የጻፉት ነገር የለም? ለ...» ብላ ሳል ያዛት። እኔ እምቢ ማለት የት ለምጄ! ሰጠኋት። አዲስ የምለው እነዚያው ስድስት ገጾቼ ናቸው፤ ሰውዬው ያነበባቸው፣ ሰውዬው የጣላቸው፣ «ሞት ለማንም አይቀርም» ብለው የሚጀምሩት። ርእሱን ለወጠችና ላከችው። አንቺ ደረጃውን ስትወጪ እኮ ነው የላከችው።

... ምነው የመተየቢያው ድምፅ ቆመ? የሰውዬው መልስ ደረሳት እንዴ? ወይ ደግሞ ሐሳብ መጥቶላት ይሆናል። ዝም በይ፣ እንዳናስደነግጠው፤ ለቤቱ እንግዳ ነው።

እንግዲህ የእኔ አቅም ምርቃት ነው። እጇን ይባርክላት። ዓይኗን ያብራላት፤ ከመላኳ በፊት ማንበብ ትጀምር ይሆናል። ደግሞም የራሷን አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋ እስክትጨርስ ድረስ ዕድሜ ይስጣት። አሜን በይ እንጂ! ማቱሳላን ቀብራ ትመለሳለች።

በይ አደራ፣ ይህን የነገርኩሽን ለማንም እንዳትደግሚው። መድገም የሌላ ሰው መተዳደሪያ ነው።