የጎረቤት ፊልም

እግሯ የተሰበረ ወንበሬን ተሸክሜ ወደ ሰፈራችን አናጢ ብሄድ፣ ሽማግሌውን ሳንቃ ላይ ተንጋለው አገኘኋቸው። ወገባቸውን አሟቸው ሦስት ሳምንት ሙሉ መላጊያ አልነኩም። አጠገባቸው ሐኪም የሆነችው የእህታቸው ልጅ ተቀምጣለች፤ መስኮቱ ላይ ደግሞ የወገብ ራጅ ፊልም ተለጥፏል።

«መምህር፣ እንኳን መጡ፤ ይፍረዱን» አሉኝ። «ኤምአርአይ የሚሉትን ፊልም አስነሺኝ ብላት እምቢ አለች። እኔ የወንበርዎን ስብራት ሳላይ እጠግናለሁ?»

«ጋሼ፣ በር አልዘጋ ሲልዎ ግድግዳውን ያፈርሳሉ?» አለች። «መጀመሪያ ማጠፊያውን ያያሉ።»

«ይሄንን አታዪም?» ወደ መስኮቱ ጠቆሙ። «ዲስኩ አልቋል። ሽባ ሳልሆን ሙያዬን ልተው፣ መላጊያዬንም ለሰው ልሰጥ ነው።»

ተነስታ ፊልሙ ጥግ ላይ ያለውን ስም አነበበች። «ይሄ የጎረቤትዎ የልብስ ሰፊው ነው እኮ።»

«አውቃለሁ፣ ተውሼው ነው። ዕድሜያችን አንድ፣ ሕመማችን አንድ፤ የሱን ካየሁ የኔን አየሁ።»

ሳቄን ዋጥኩት። የጎረቤቱን ኪኒን ተውሶ የሚውጥ የተማረ ሰው ስንት አለ! አንዱ እኔ ነኝ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብላ ትጠይቃቸው ጀመር። እግርዎ ይዝላል? ጭንዎ መሃል ይደነዝዛል? ሽንት ያመልጥዎታል? ትኩሳትስ? ክብደት ቀንሰዋል? ወድቀው ያውቃሉ? ካንሰር ነበረብዎ? ለሁሉም «የለም» አሉ። በተረከዝና በጣት አስሄደቻቸው፤ እያጉረመረሙ ሄዱ።

«ከነዚህ አንዱ ቢኖር ዛሬውኑ አስነሳዎት ነበር። እንዲህ ያለው ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ይሻላል፤ መተኛት ነው የሚያባብሰው። ካልተሻለዎት ያን ጊዜ እናስነሳለን። በእርስዎ ዕድሜ ያለቀ ዲስክ እንደ ሽበት ነው።»

«ሽበት አያምም።»

«ይሄም ብዙ ጊዜ አያምም።»

በዚህ መሃል ልብስ ሰፊው ፊልሙን ሊወስድ ገባ። መንገድ የዘጋችበትን ወንበሬን ጎንበስ ብሎ በአንድ እጁ አነሳት።

አናጢው አፈጠጡበት። «ወገብህስ?»

«ከተወኝ እኮ ሁለት ዓመቱ።»

«ፊልሙ?»

«ፊልሙማ ያው ነው።»

«ታዲያ ሦስት ሳምንት ያስተኛኝ የማን ወገብ ነው?» አሉ ሽማግሌው። ሁላችንም ሳቅን፤ የሳቸው ግን ዕንባም ነበረበት።

አንባቢዬ ሆይ፣ ፊልም ጠላት አይደለም፤ ምልክት ሲኖር ነፍስ ያድናል። ምልክት ሳይኖር ግን ጤነኛውን ሰው ያስተኛል። አናጢው ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት በእግር ይሄዳሉ፣ ጥቂት ጥቂት እያሉ ይላጋሉ፤ የሚያስፈሩትን ምልክቶችም በቃላቸው ያውቃሉ።

በወሩ ወንበሬን ራሳቸው አመጡልኝ።

«ወገብዎ እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«አሁንማ የራሴ ሆኗል» አሉ።