ማንን እንደሚያስቆም የሚያውቅ ዘበኛ

አጎቴን ደረጃው ላይ አገኘኋቸው፤ ጆሯቸውን በገዛ ቢሯቸው በር ላይ ለጥፈው ሲያደምጡ። እዚያ ውስጥ እሳቸውና የሴት ልጃቸው እጮኛ ሲ በተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የአሳንሰር መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ይጽፋሉ።

«ምን እየሰሙ ነው ጋሼ?»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይሄ ልጅ ዛሬ ከሥራዬም ከቤቴም ይወጣል። ፕሮግራሙ የአሳንሰሩ በር ሲዘጋ ሥራውን በድንገት ያቋርጣል። ችግሩን እንዲያሳየኝ መመርመሪያ መስመር ኮዱ ውስጥ ባስገባሁ ቁጥር ስህተቱ ቦታ ይቀይራል። እኔ ስፈልገው እሱ ከኋላዬ ያዛውረዋል!»

«ሲያዛውር አይተውታል?»

«ሌባ ‹አይታችሁ ያዙኝ› ይላል?»

ጥርጣሬ እንዲህ ነው፤ ማስረጃ ባጣ ቁጥር ይወፍራል። ልጁ ከቢሮው ጀርባ ባለው ጓዳ ነበር፤ ወደ ቢሮው ገብቼ ኮዱን ከፈትኩ። እኔን ይህን ሥራ ያስተማረኝ መምህር የለም፣ የራሴ ግትርነት እንጂ፤ ስለዚህ የሰው ፊት አላይም። መልእክት የሚመዘግበው ፈንክሽን፣ ማለትም በተጠራ ቁጥር ያንን ሥራ የሚሠራው የኮዱ ክፍል፣ መጀመሪያ የመልእክቱን ቅርጽ ይቀበላል፤ ቅርጹ የት ላይ ፊደል፣ የት ላይ ቁጥር እንደሚገባ የሚናገር ጽሑፍ ነው፤ ከዚያ በኋላ የላኩለትን ያህል ግብዓት። አጎቴ ግብዓቶቹን እያነበበ የሚያትም መመርመሪያ መስመር መሀሉ ሰክተዋል። ሳቄ መጣ።

«ሌባውን አገኘሁት ጋሼ። እነዚህ ግብዓቶች ሰልፈኛ ናቸው፤ አንዱን ካነበቡት አለፈ፣ ቀጣዩ በቦታው ይገባል። እርስዎ ሊቀምሱ ብለው ማዕዱን ጨረሱት!»

«አንቺ ምላሰኛ! ታዲያ በምን ልየው?»

«በብሬክፖይንት። ፕሮግራሙን መንገድ ላይ አስቁመው፣ ሳይነኩት ያዩታል።»

«ሞክሬዋለሁ። ፈንክሽኑ በተጠራ ቁጥር ይገተራል። ‹ቀጥል› እያልኩ ጣቴ ዛለ፤ የበሩ መልእክት ጋ ሳልደርስ ይመሻል።»

«አላፊ አግዳሚውን ሁሉ የሚያስቆም ዘበኛ ሳይሆን የወደቀ ግንድ ነው። ቅድመ ሁኔታ ይስጡት።»

በጎን አዩኝ። «እሺ፣ ሁለተኛው ግብዓት ሲበላሽ ቁም በይው።»

«እሱ አይሆንም። ከቅርጹ በኋላ የሚመጡት ስም የላቸውም፤ ስም የሌለውን ማን ብሎ ይጥራው? ስም ያለው ቅርጹ ነው። ‹በር› ብሎ ሲጀምር ብቻ ቁም እንበለው።»

«ማሽኑ ቢዋሽስ?»

«ሲቆም ፈንክሽኑን ወደ ጠራው መስመር እንወጣለን። በዓይንዎ ያንብቡ።»

የሰኩትን መስመር አጥፍቼ ቅድመ ሁኔታውን ጻፍኩ። ፕሮግራሙ የፎቁን መልእክቶች ሁሉ አሳለፈና በሩ ሲዘጋ ቀጥ አለ። ወደ ጠሪው ወጣን። ቅርጹ የበሩን ስም በፊደል ይጠይቃል፤ የተላከለት ግን ቁጥር። ምስኪኑ ፕሮግራም ቁጥሩ ፊደሎቹ የተቀመጡበት አድራሻ መስሎት ፍለጋ ይሄድና ገደል ይገባል።

አጎቴ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህን መስመር የጻፍኩት እኔ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ልጁ ገና ቤታችንን ሳያውቀው።»

እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ። ቅድመ ሁኔታ ያለው ብሬክፖይንት ኮድ አያቆሽሽም፣ የግብዓት ሰልፍ አያዛንፍም፣ ቀኑን አይበላም። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ንጹሕ ሰው ከቤት እንዳይባረር ማድረጉ ነው።

አጎቴ ልጁን ጠሩት።

«ምን አጠፋሁ?» አለ ገና ከበሩ፤ መጠርጠር የለመደ ሰው ሰላምታው ይኸው ነው።

«ምንም። ከእንግዲህ ስጠረጥርህ ቅድመ ሁኔታ ጽፌ ነው» አሉት ወንበር እየሳቡለት። «አሁን ና ተቀመጥ፤ የእኔን ስህተት አብረን እናርም።»